የቤ ቀለበት

ብርሃኑ ከኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣና የወጥ ቤቱን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች አንዴ ጠረገው። ከዚያ መሐረቡን በሁለት እጁ ዘርግቶ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ለደስታነሽ አሳያት። ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል፤ ጥላሸቱ ከወጥ ቅባት ጋር ተላቁጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቆበታል። ብርሃኑ አልተቆጣም፤ የሚቆጣ ሰውም አይደለም። ከወልድያ እየተመላለሰ በመርሳ መንገድ ዳር ያሉትን ምግብ ቤቶች ንጽሕና የሚቆጣጠር፣ ሰው አክባሪ የሸዋ ልጅ ነው። "እትዬ ደስታነሽ፣ ይኼን እንግዳ ቢያይ ምን ይላል? እርስዎ ራስዎ ይፍረዱ" አለ። እሷ ግን መሐረቡን አላየችውም። ዓይኗ ከትከሻው በላይ አልፎ ከጥግ በቆመው የእንጨት መደርደሪያ ላይ ነበር። እሱ ወደ መደርደሪያው አንድ እርምጃ ሲሄድ እሷ ሁለት ትሄዳለች፤ መጨረሻ ላይ ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ፣ ሽሮውንና በርበሬውን የያዙትን ጣሳዎች ተደግፋ ቆመች።

ትእዛዙ አጭር ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል አምስት ቀን ቀርቶታል። ከነገ ወዲያ፣ ጳጉሜን አራት፣ ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ሰሜን የሚያልፉ እንግዶች መርሳ ላይ ምሳ ይበላሉ፤ ምሳውም በደስታነሽ ቤት እንዲሆን ቀበሌው ወስኗል። ስለዚህ በመንገዱ በኩል ያለው የድንጋይ ግንብ ኖራ ይቀባል፤ ወጥ ቤቱ ደግሞ በውኃና በሳሙና የሚታጠብ የዘይት ቀለም ይቀባል። "ወጥ ቤቱንም በኖራ ባደርገውስ?" ብላ ጠየቀችው፤ ለብሩ የተጨነቀች አስመስላ፣ ድምጿን ቀለል አድርጋ። ብርሃኑ ራሱን ነቀነቀ። "ኖራ ለወጥ ቤት አይፈቀድም፣ እትዬ። ጥላሸት ይጠጣል። መመሪያው የሚታጠብ ነው የሚለው። ካልሆነ ቤቱ ይታሸጋል።" ወዲያው ያፈረ ይመስል ድምፁ ዝቅ አለ፤ "የማሽገው እኔ አይደለሁም፤ ወረቀቱ ነው።" መሐረቡን ጥቁሩን ወደ ውስጥ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "ደግሞ ያ መደርደሪያ ይነሳ። ከጀርባውም ይቀባ።"

ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ውቤ ነው። ልጇ ውቤ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተገደለ። ከገበያው አፋፍ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ደረቱ ላይ የካርቶን ጽሑፍ ተደርጎበት ቀኑን ሙሉ ዋለ፤ ሲመሽ በጭነት መኪና ወሰዱት። የት እንደ ጣሉት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ጥቁር መልበስ ክልክል ነበር። ያን ቀን ደስታነሽ ቤቷን ከፍታ ሻይ ስታፈላ ዋለች፤ ክፈቺ ተብላ ነው የከፈተችው። እሷ ደግሞ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ፣ ከሐብሩ ቆላ እስከ ወልድያ፣ ትልቅ ሰው በሞተ ቁጥር በቅሎ የሚላክላት አልቃሽ ነበረች። በማታውቀው ሰው አባት ለቅሶ ላይ ቆማ ድንኳን ሙሉ ሕዝብ ታስለቅሳለች፤ ግጥሙ ሳታስበው ከአፏ ይወጣል። ለራሷ ልጅ አንዲት መስመር አላወጣችም። ከዚያ ወዲያ ሲጠሯት "ጉሮሮዬን አሞኛል" ትላለች፤ ሰውም ገብቶት መጥራቱን ተወ።

በሰባ ሁለት መሠረተ ትምህርት መጣ። በቀበሌው አዳራሽ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድራ፣ ፊደል ቆጠረች። የምስክር ወረቀቷን የተቀበለች ዕለት ቤቷ ገብታ መደርደሪያውን ሳበች፣ ከምድጃው የጠፋ ከሰል አነሳች፣ ጥላሸት ባልደረሰበት ልስን ላይም ሁለት መስመር ጻፈች፦

ለሰው ልጅ ሳለቅስ ድምፄ የማይሰንፍ፣
ላንተ ለውበ ግን ግድግዳ ላይ ልጻፍ።

"ውቤ" ማለት ሲገባት "ውበ" ብላ ነው የጻፈችው። አስተማሪዋ ቢያየው ይሰርዝባት ነበር፤ ቤ ከእግሯ ሥር ቀለበት አላት፣ የደስታነሽ ግን ቀለበት የላትም። ያ ቦታ መቃብሩ ሆነ። ሙት ዓመቱን እዚያው አሰበችለት። ጠዋት ጠዋት፣ ሠራተኛዋ አስካለ ድስት ልታጥብ ከመምጣቷ በፊት፣ መደርደሪያውን አንድ ክንድ ያህል ትስብና ዓይኗን ትጥልበታለች፤ ከዚያ መልሳ ትገፋዋለች። ስድስት ዓመት ሲያልፍ ከልጇ የቀራት ይኸው ብቻ ነበር፤ ፎቶግራፎቹን ቤቱ የተፈተሸ ዕለት ወስደዋቸዋል።

በሦስት ሰዓት አውቶቡስ ወደ ወልድያ ሄደች። ደመናው ከአምባሰል በኩል መጥቶ ሳይዘንብ ያልፋል፤ ዘንድሮ ሥራው ይኼ ነው። ማሳው ቀይ ነው። ከደጋ የወረዱ ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ቆመው የሚጠብቁ የሉም፣ ሁሉም ተቀምጠዋል። ከወልድያ መግቢያ ላይ ሁለት ዘቦች ከመንገዱ ራቅ በሉ እያሉ በለስላሳ ድምፅ ያነሷቸዋል፤ ተነስተው ከኮረብታው ጀርባ ይዞሩና ሌላ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ትቶ የፊቱን ወንበር ማየት ጀመረ። ደስታነሽም እንደዚያው አደረገች። የይለፍ ወረቀቷን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ መላልሳ አነበበችው።

የጋሽ ኢስሐቅ ሱቅ ከገበያው ከፍ ብሎ ነው። ውስጡ ምስማር፣ ላምባና አሮጌ ጆንያ ይሸታል። ባሏ አማረ ግንበኛ ስለነበር በሕይወቱ ሳለ ኖራና ሲሚንቶ የሚገዛው ከዚህ ነበር፤ የመርሳውን ቤቷን ግንብ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠርቦ የሠራው እሱ ነው። "ደስታነሽ! መርሐባ፣ መርሐባ። እንዴት አለሽ? ልጆ..." አለና ሽማግሌው ቃሉን መሐል ላይ ዋጠው። "አገሩ ደህና ነው?"

"ደህና ነን፣ ጋሽ ኢስሐቅ። አንቱስ?"

"አልሐምዱሊላህ። ቀለም ከሆነ የፈለግሽው ቀይ አልቋል፤ ወላሂ አንድ ጣሳ የለኝም። አገሩ ሁሉ መፈክር እየጻፈ ነው። አረንጓዴ አለ፣ ክሬም አለ።"

ለግንቡም ለወጥ ቤቱም እንደሆነ ነገረችው። ለግንቡ ምንም ሳያመነታ ኖራ አላት። ድንጋይ ይተነፍሳል፤ ዘይት ከቀቡት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና በሁለት ክረምት እንደ ቆዳ ይገፈፋል። ኖራ ግን አብሮት ይተነፍሳል። የእሱ ኖራ በበርሜል ከርሞ የበረደ ስለሆነ በወንፊት ማጥለል፣ በየባልዲው አንድ ጭብጥ ጨው መጣል፣ ግንቡንም አስቀድሞ በውኃ ማራስ ብቻ ነው የሚቀረው። "አምስት ዓመት ይይዝልሻል" አላት። "ፊደሎቹ ላይ አይዝም" አለች ደስታነሽ። ሽማግሌው የትኞቹ ሊል አፉን ከፈተና ትዝ ሲለው ዘጋው። በሰባ ዓመተ ምሕረት በግንቧ ላይ፣ ከበሩ እስከ ጥጉ፣ "ቀይ ሽብር ይፋፋም" ተብሎ በዘይት ቀለም ተጽፎበት ነበር። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ኖራ ትቀባዋለች፤ ኖራው ከፊደሎቹ ላይ ብቻ እየተቀረፈ ይወድቅና ጥቅምት ሳይገባ ጽሑፉ እንዳለ ይወጣል። "ኖራ ዘይት ላይ አይዝም" አለ ኢስሐቅ ቀስ ብሎ። "በሽቦ ብሩሽ ካልተፋቀ መቶ ጊዜ ብትቀቢው መቶ ጊዜ ይረግፋል። ዘንድሮ ይፋቅ ብለዋል፣ አይደል? ያ ጊዜ አልፏል እያሉ ነው።"

"እንደዚያ ይላሉ።"

ደስታነሽ በባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ጣሳዎች በጣቷ እየነካች አንድ ጥያቄ ይዛ ቆማለች፤ ከመርሳ ጀምሮ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ነው የመጣችው። "ለወጥ ቤቱ... ቀብተውት ኋላ ሲፈልጉ የሚለቅ ቀለም አለ?" ኢስሐቅ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። "አርባ ዓመት ስነግድ የማይለቅ አምጣ ያላለኝ የለም። የሚለቅ ስጠኝ ስትለኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።"

"ከታቹ ያለው እንዳይበላሽ ብዬ ነው።"

"ከታቹ ምን አለ?"

"ጥላሸት።"

"ለጥላሸት ታዝኛለሽ እንዴ?" ብሎ ሊቀጥል ሲል ፊቷን አየ። ሳቁን አቆመ። ከባንኮኒው ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ መንገዱን ግራና ቀኝ አየና ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የነገራት ሁሉ ስለ ጥላሸት ነበር፤ ስለ ሌላ ነገር አንዲት ቃል አልወጣውም። "ጥላሸትም ሆነ ከሰል፣ ኖራ አይደብቀውም። ዛሬ ስትቀቢው ነጭ ይሆንልሻል። ድስት ፈልቶ እንፋሎቱ ሲመታው ግን ቡናማ ሆኖ፣ ልክ እንደ ነበረው ሆኖ፣ ተመልሶ ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ ቤቱ ሰው የሞላ ዕለት ነው፤ ያን ዕለት ነው ብዙ የሚፈላው። ገባሽ? ዘይት ቀለም ግን ይውጠዋል። የዋጠውን አይመልስም።" ደስታነሽ ራሷን ነቀነቀች። ውጭ ያለው እንዳይመለስ ስትለምን ስድስት ዓመት እየተመለሰ አስቸገራት፤ ውስጥ ያለው እንዲመለስ ብትፈልግ መመለሱ ያስገድላታል። "አረንጓዴውን ስጡኝ" አለች። ዋጋው ሃያ ስምንት ብር ነበር፤ ሽማግሌው ሃያ አምስት ተቀበላትና፣ "አብሽሪ" አላት፤ ጣሳውን በገመድ ሲያስርላት ሦስት ጊዜ ቋጠረው።

ስትመለስ ጣሳው በእግሮቿ መካከል፣ የኖራው ባልዲ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ነበር። ከኋላዋ የተቀመጠ ነጋዴ፣ "እማማ፣ ቀለሙ ለሠርግ ነው?" አላት። "ለእንግዳ ነው።" "አይ፣ እንግዳማ ይምጣ! እንግዳ ባይመጣ ኖሮ እኛን ማን ያጥበን ነበር?" አለና ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።

መርሳ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። የግንቡ ፊት ተፍቋል። ከሥሩ ቀይ ብናኝ በአፈሩ ላይ ፈሷል፤ መሰላል፣ ባልዲና የሽቦ ብሩሽ ተቀምጧል፤ ሰው ግን የለም። የብሩሹን እጀታ ስታየው የማን እንደሆነ አወቀች፤ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ይስማው የአማረ ታናሽ ወንድም ነው። ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ያለውን የሱቅ ስም የሚጽፍ፣ መፈክር የሚጽፍ፣ ቀለም የሚቀባ፣ እጁ ያማረ ሰው ነው። ከሰባ ሁለት ወዲህ፣ አራት ዓመት፣ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሮጣ በጓሮ በኩል ስትገባ አስካለ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ አገኘቻት። "የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ገበየሁ፣ ነው ይስማውን የላከው። አንቺ የለሽም ብለው እሺ አይልም። ግድግዳውን በአመድና በሳሙና አጠብኩት፤ ክንዴ ሊነቀል ነው። ያንን ጥግ ልቀጥል ስል፣ እሱ መደርደሪያውን ሳበና ውጪ አለኝ። በገዛ ወጥ ቤቴ ውጪ ይለኛል! እኔስ ምን አውቄ..." ደስታነሽ ጣሳውን እጇ ላይ ጥላላት ገባች።

መደርደሪያው ከቦታው ተነስቶ መሐል ላይ ቆሟል። ይስማው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በግድግዳው ፊት ቆሟል። ብሩሽ አልያዘም። እሷ መግባቷን ሰምቷል፤ አልዞረም። ከመንገዱ ላይ የጭነት መኪናዎች ድምፅ ይመጣል፤ ሲያልፉ ጣሳዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ቃል ለገበየሁ ቢናገር ቤቱ ሳይታሸግ እሷ ትታሰራለች፤ ይኼን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

"እታለም።" እንደዚህ ብሎ ጠርቷት የሚያውቀው አማረ በሕይወት ሳለ ነበር። "መቼ ነው የጻፍሽው?"

"መሠረተ ትምህርት የጨረስኩ ዕለት።"

"ጥሩ ነው የጻፍሽው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ቤን ግን ስተሻታል። ቤ ቀለበት አላት። አንቺ በ ብለሽ ነው..."

"አልሳትኩም።"

ዞረ። ደስታነሽ ያን ቀን በገበያው አፋፍ የነበረውን ካርቶን ያየችው ፊደል ሳታውቅ ነው። አልቀረበችም፤ ከመንገዱ ማዶ ሆና፣ የሻይ ብርጭቆ ተሸክማ ስታልፍ ነው ያየችው። ምን እንደሚል አላወቀችም፤ የቅርጹ ሥዕል ግን ዓይኗ ውስጥ ቀረ። ሁለተኛው ፊደል ከእግሩ ሥር እንደ ሃምሳ ሳንቲም የሚያህል ክብ ነበረው፤ ክቡም ከታች በኩል በቀጭን ጭራ ያልቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ አስተማሪው በሰሌዳ ላይ "ቤ፣ ቀለበት ያላት" ብሎ ትንሽ ክብ ሲሠራ ካርቶኑ ላይ ያየችው ክብ ትዝ አላት። ከትምህርት ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ቀና አለች። ከበሯ በላይ፣ ከውቤ መሞት በፊት ይስማው የጻፈው፣ ስትገባ ስትወጣ ያላነበበችው ሰሌዳ አለ፤ "ደስታነሽ ምግብ ቤት" ይላል። ቤ ላይ ያለው ቀለበት እንደ ሃምሳ ሳንቲም ያህላል፤ ከታችም ጭራ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይስማውን ዘጋችው። እሱም ምን በደልኩሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ አለመጠየቁ አረጋገጠላት።

"ቀለበቱን ካርቶኑ ላይ አይቼዋለሁ" አለችው። "እዚህ ቤት ውስጥ አይገባም ብዬ ነው የተውኩት።"

ይስማው የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። "ዝርዝር ነው የሰጡኝ" አለ ወደ ባርኔጣው። "አሥራ አንድ ካርቶን። ማን እንደሆነ ሳላይ ሦስቱን ጻፍኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ ስሙን አነበብኩት።"

"ከዚያስ?"

"ጻፍኩት።"

"አሳምረህ ነው የጻፍከው።"

"እጄ ሌላ አያውቅም፣ እታለም።"

ጓሮ ውስጥ አስካለ ከዶሮዎቹ ጋር ትጨቃጨቃለች። ይስማው እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ አንድ ምስማር አወጣ፤ አሥር ሳንቲሜትር የሚያህል፣ ጫፉ የተሳለ፣ ፊደል ከመጻፉ በፊት መስመር የሚያሰምርበት ነው። "ዘይት ቀለም ይደፍነዋል" አለ ሥራውን እንደሚያስረዳ ሰው። "ሁለት እጅ ከቀባሁት ምንም አይቀርም። ልስኑ በምስማር ከተጫረ ግን፣ እዚህ ቦታ ላይ አንድ እጅ ብቻ፣ ቀጠን አድርጌ... ለዓይን አይታይም። ለጣት ይታወቃል።" ተነስቶ የምስማሩን ጫፍ በ"ለሰው" ላይ አሳረፈ። "ተው" አለችው። "ሁለቱን መስመር አፌ ያውቀዋል። ስሙን ብቻ። ደግሞ ስጠኝ።"

ምስማሩን ሰጣትና ሄዶ ወደ መንገዱ የሚያየው በር ላይ ቆመ። ው ቀላል ነበረች። የልስኑ ዱቄት በአውራ ጣቷ ላይ ረገፈ፤ ሲሚንቶውን የለሰነው አማረ ነው፣ ቀጭን ግን ጠንካራ አድርጎ ስለለሰነው ለእያንዳንዱ እግር አራት አምስት ጊዜ መመላለስ ነበረባት። በ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ከፊደሏ ቀኝ እግር ሥር ቀለበቷን ሠራች፤ እንደ ምስር ፍሬ የምታህል፣ ጭራ የሌላት፣ አስተማሪው እንዳሳያት። በርካታ ጊዜ አዞረችባት። ይስማው ከበሩ ላይ፣ "ገበየሁ እየመጣ ነው" አላት። ከሰሉን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችው፤ አራት ዓመት የኖረው ሁለት መስመር በአንድ ትንፋሽ ግራጫ ጉም ሆኖ ተነነ። ሊቀ መንበሩ ሲገባ የቀለሙ አንደኛ እጅ ተጀምሯል፤ ብሩሹ ከጣራ ሥር ወደ ታች ይወርዳል። "ጎበዝ! ጎበዝ! እንደ ሆስፒታል!" አለ ገበየሁ። "ያ ጥግ ሁለተኛ እጅ አይፈልግም?" ይስማው፣ "ያኛው ልስኑ ጥሩ ነው፤ አንድ ይበቃዋል" አለው።

ወጥ ቤቱንም የግንቡን ኖራም ሲጨርስ ይስማው ጓሮ ወጣ። ደስታነሽ የላምባውን ጠርሙስ ይዛ ወጣችና በእጆቹ ላይ ቀስ ብላ አፈሰሰችለት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ታጠበ። አረንጓዴው ለቀቀ። ከጥፍሮቹ ሥር ያለው ቀይ የዛሬ አልነበረም። ቀና ብሎ ጠበቀ። አስካለ ከወጥ ቤቱ አንገቷን አውጥታ፣ "እንጀራ ላቅርብለት?" አለች። ደስታነሽ የጠርሙሱን ክዳን ገጠመች። ይስማው መሰላሉን ተሸክሞ፣ ነጭ በሆነው ግንብ ሥር አልፎ፣ ሄደ።

ጳጉሜን አራት ሌሊቱ ሳይነጋጋ አራት ትላልቅ ድስት ተጣደ። ግድግዳው ደርቋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድስቶቹ ሲፈሉ አስካለ፣ "ኧረ ተይ፣ ቤቱ አላበው!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ድሮ ልስኑ የሚጠጣው እንፋሎት ዛሬ መግቢያ አጥቶ በአረንጓዴው ላይ ጤዛ ሠርቷል፤ ጤዛው እየከበደ ወደ ታች ይወርዳል። ደስታነሽ ወደ ጥጉ አየች። የሚወርደው ውኃ ከተጫረው ቦታ ሲደርስ ይያዝና ይሞላዋል። ከበሩ በኩል በሚመጣው ብርሃን፣ ከአረንጓዴው ላይ፣ በውኃ የተጻፈ "ውቤ" ያበራል። ጨርቅ አንስታ ወለወለችው። ሽንኩርቱን እስክትመለከት ተመልሶ ወጣ። መደርደሪያውን እንዳትገፋው ግድግዳው እንዲታይ ከወጥ ቤት ወጥቶ ሳሎን ይቀመጥ ተብሏል።

ብርሃኑ በአራት ሰዓት መጣ። ንጹሕ መሐረብ ይዟል። ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን እየጠረገ፣ ነጭ ሆኖ የቀረውን መሐረብ ልጅ እንደሚያሳይ አድርጎ እያሳያት፣ "አዩ እትዬ? አዩልኝ? የሚታጠብ ማለት ይኼ ነው" ይላል። ጥጉ ጋ ደረሰ። መሐረቡ በስሙ ላይ አለፈ። እጁ ቆመ። በጣቱ ጫፍ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና ዳሰሰው፤ ጣቱ ቀለበቷን ዞረ። ደስታነሽ የድስት ክዳን ይዛ ቆማለች፤ እንፋሎቱ ክንዷን እያቃጠለው ነው፣ አልተንቀሳቀሰችም።

"እዚህ ጋ ልስኑ ተሰነጣጥቋል" አለ ብርሃኑ። ዓይኑን ከግድግዳው አላነሳም። "ቆሻሻ ይይዛል። በዓሉ ሲያልፍ በስቱኮ ያስደፍኑት።"

"እሺ፣ ጌታዬ።"

"አሁን ባይሆንም ግድ የለም።" መሐረቡን አጣጠፈው። "ሲያልፍ ግን መጥቼ አየዋለሁ። ማየት አለብኝ።"

ከመንገዱ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ ሁሉም ሮጠው ወጡ። ተማሪዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ሰባት መኪናዎች፣ መስኮታቸው የተዘጋ፣ ከደሴ በኩል መጡና በነጩ ግንብ ፊት ሳይቆሙ፣ ፍጥነት ሳይቀንሱ፣ ወደ ወልድያ አለፉ። አቧራው ገና እርጥብ የሚመስለው ኖራ ላይ አረፈ። "ይመለሱ ይሆናል" አለ ገበየሁ ለማንም ሳይሆን። "ሲመለሱ ይሆናል የሚበሉት። እሳቱ እንዳይጠፋ!"

ደስታነሽ ብቻዋን ተመለሰች። አራቱ ድስት ለሌለ ሰው ይፈላል። ወደ ጥጉ ሄደች። ው ሞልታ ፈሳለች፤ ከቤ ትንሽ ቀለበት ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ቆማለች። ጣቷን አስጠጋችላት። ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሳ፤ ድሮ ግጥም ሊመጣ ሲል የሚነሳው ነው፤ አፏን ዘግታ መልሳ ዋጠችው። የገበየሁ ድምፅ በጓሮው በኩል እየቀረበ ነበር። ጨርቁን ከትከሻዋ አውርዳ ወለወለች። እሱ በሩ ላይ ሲደርስ ግድግዳው ንጹሕ ነበር። ድስቱ ግን ገና ይፈላል።